ፋኑ መቼ ይነሳ? መቼስ ይረፍ?

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ላይ፣ ኤሌክትሮኒክስ ለሚወዱ ወጣቶችና በጥገና ለሚተዳደሩ ሰዎች፣ ትንሽ ኮምፒውተር ስለሚያቀዘቅዝ ፋን (ትንሽ ቬንቲሌተር) ያደረግሁት ንግግር ነው። በሰዓት ጥበት የዘለልኳቸውን ጥቂት ነገሮች መልሼ አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? በዚህ ሰዓት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ድሬ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ሱቅ የሚዘጋበት፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም የሚልበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን የመረጥኩት ግን ሆን ብዬ ነው። የማወራላችሁ ችግር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አይታይም። የሚታየው አሁን ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ቦርድ ተመልከቱ። ራዝቤሪ ፓይ 4 ናት። ስፋቷ የኤቲኤም ካርድ ያህል ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪው፣ ዋይፋዩ ሁሉም እዚህችው ላይ ነው ያለው። ባለአንድ ቦርድ ኮምፒውተር የምንላትም ለዚህ ነው። የመጀመሪያዋ ራዝቤሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በ2012 ስትወጣ ጉልበቷ ትንሽ ስለነበር ሙቀቷም ትንሽ ነበር። በ2019 የወጣችው ፓይ 4 ግን አራት ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ አራት ክፍሎች) ያለው ፕሮሰሰር ይዛ መጣች። ጉልበት ሲጨምር ሙቀትም አብሮ ይጨምራል።

እኔ ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በአንድ ትምህርት ቤት በኩል ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር ዊኪፔዲያን ማንበብ የሚያስችል ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እሱን አንዲት ፓይ 4 ላይ ጭነን ቤተመጻሕፍቱ ውስጥ አስቀመጥናት። ልጆቹ በዋይፋይ እየገቡ ያነባሉ። ጠዋት ጠዋት ምንም ችግር የለም። ገጹ ሲነካ ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ግን ይጎተታል። ልጆቹ ይጠብቃሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ትተው ይወጣሉ።

አንድ መምህር ደውሎ «ወንድሜ፣ እንደኛው ከምሳ በኋላ ትደክማለች» አለኝ። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዋይፋዩን ነበር። ቀጥሎ ሚሞሪ ካርዱን ቀየርኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ በ8 ሰዓት ሄጄ ቁጭ አልኩና የቺፑን፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን፣ ሙቀት አነበብኩ።

ማንበቡ ቀላል ነው። የሙቀት መለኪያው ቺፑ ውስጥ ነው ያለው። ቦርዷ የምትሠራበት ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ ደግሞ የለካውን በአንዲት ትንሽ ፋይል ያቀርብላችኋል። ቁጥሩ የተጻፈው በዲግሪ ሺኛ ስለሆነ በ1,000 አካፍሉት። 50,000 ካለ 50 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ያየሁት 81 ሺህ ከምናምን ነበር።

እዚህ ላይ ቺፑ ምን እንደሚያደርግ መረዳት አለብን። ፓይ 4 ሙቀቷ 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቷን ራሷ መቀነስ ትጀምራለች። 85 ሲደርስ ደግሞ የበለጠ ትቀንሳለች። ስሮትል ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። ብልሽት አይደለም። እንዳትቃጠል ራሷን እየጠበቀች ነው። ከውጭ ሆኖ ለሚያያት ግን ቀርፋፋ ናት። ስህተት የሚል መልእክት አታወጣም፣ አትጠፋም፣ ዝም ብላ ትዘገያለች። ብዙ ሰው ቦርድ ተበላሸብኝ፣ ፕሮግራሙ መጥፎ ነው እያለ የሚንከራተተው በዚህ ምክንያት ነው።

በነገራችን ላይ የሚያዘገያት ሙቀት ብቻ አይደለም። ደካማ ቻርጀርም ያዘገያታል። ሁለቱን የሚለይ ጌት ስሮትልድ የሚባል ትእዛዝ አለ። መልሱ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ዜሮ ካልሆነ ቁጥሩ ቮልቴጅ ወርዶ እንደሆነ ወይም ሙቀት በዝቶ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከተነሳችበት ጊዜ ጀምሮ የሆነውንም ታስታውሳለች። ስለዚህ ጠዋት ሄዳችሁ ብትጠይቋት እንኳ፣ መሐል ላይ እስካልጠፋች ድረስ፣ ትናንት ከሰዓት የሆነውን ታገኛላችሁ። ፋን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቋት። ቻርጀር ብቻ ቀይሮ የዳነ ብዙ ቦርድ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ድሬ ልመለስ። ለምን ጠዋት ደህና ሆና ከሰዓት ታመመች? ሂሳቡ ቀላል ነው። ቦርዷ ተመሳሳይ ሥራ እየሠራች ከሆነ፣ ቺፑ ከክፍሉ አየር የሚበልጥበት ሙቀት ብዙም አይለዋወጥም። እንበል፣ ያለ ፋን በደንብ ስትሠራ ከክፍሉ በ45 ዲግሪ ትበልጣለች። ክፍሉ 20 ከሆነ ቺፑ 65 ነው፤ ሰላም ነው። ክፍሉ 37 ከሆነ ቺፑ 82 ነው። አለቀ። ቦርዷ ያው ናት፣ ሥራውም ያው ነው። የተለወጠው አየሩ ነው።

እዚህ ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ውጭው 35ን ሲያልፍ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቁታላችሁ። ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ያልተኛ የድሬ ልጅ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው። እኛ ቬንቲሌተር ሥር ስንቀመጥ የሚቀዘቅዘን ላብ ስላለን ነው። ነፋሱ ላቡን ያተነዋል፣ ላቡ ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳል። ቺፕ ግን ላብ የለውም። ፋን ለቺፕ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሞቀውን አየር ገፍቶ የክፍሉን አየር ያመጣለታል። ስለዚህ ፋን ቺፑን ከክፍሉ በታች ማቀዝቀዝ አይችልም። ክፍሉ 37 ከሆነ የዓለም ምርጡ ፋንም ከ37 በታች አያወርደውም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው መፍትሔዬ ሁላችሁም የምታስቡት ነው። ባለ 5 ቮልት ትንሽ ፋን ገዛሁ። ቀዩን ሽቦ 5 ቮልት ፒን ላይ፣ ጥቁሩን ግራውንድ ላይ ሰካሁ። ቺፑ ላይ ሂትሲንክ፣ ሙቀት የሚያሰራጭ ብረት፣ ለጠፍኩ። ፋኑ ቀን ከሌት ይዞራል። ሙቀቱ ወረደ፣ ልጆቹ ተመለሱ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ መምህሩ እንደገና ደወለ። ሳጥኑን ስከፍተው ሂትሲንኩ አይታይም። በአቧራ ተሞልቷል። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሲደርቅ ነፋሱ የሚያነሳውን አሸዋ ታውቁታላችሁ። ፋኑ ያን አቧራ ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ ነው የከረመው። ማንም በማያነብበት፣ ቺፑም ምንም ሥራ በሌለው ሰዓት! ኩሽኔታውም አልቆ ይንጫጫ ነበር። ቆይቶ ጭራሽ ቆመ። አቧራው ሂትሲንኩን እንደ ብርድ ልብስ ስለሸፈነው ቦርዷ ፋን ከመግዛቴ በፊት ከነበረችበት የባሰ ሞቀች።

መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው። እንዲህ ዓይነት ፋን ከግማሽ ዋት እስከ 1 ዋት ይበላል። ትንሽ ይመስላል። ግን 1 ዋት በ24 ሰዓት 24 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሙሉ ሆኖ የሚይዘው 84 ነው። ዝም ብሎ የሚዞር ፋን ብቻውን ከሩብ በላይ ወሰደ ማለት ነው። በሶላር የሚሠራ ሰው ይህን ቢያስብበት ይጠቅመዋል።

ስለዚህ ፋኑ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲነሳ ማድረግ ነበረብኝ። አንዲት አጭር የፓይተን ፕሮግራም ጻፍኩ። ከ60 በላይ ከሆነ አብራ፣ ከ60 በታች ከሆነ አጥፋ። ግልጽ አይደለም? ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? 60 ሲደርስ ፋኑ ይነሳል። በሦስት ሰከንድ 59 ይሆናል፤ ፋኑ ይቆማል። በአራት ሰከንድ 61 ይሆናል፤ ይነሳል። ጭር ባለ ቤተመጻሕፍት ውስጥ ዝዝ፣ ጸጥ፣ ዝዝ፣ ጸጥ። ልጅ ለሚያነብበት ክፍል ከማያቋርጥ ድምፅ ይልቅ እንዲህ የሚቆራረጠው ይብሳል። ሞተሩም ሲነሳ የሚስበው ከረንት ሲዞር ከሚስበው ይበልጣልና በየጊዜው ማስነሳቱ አይጠቅመውም።

መልሱ ቤታችሁ ነው ያለው። ፍሪጃችሁን አዳምጡት። ጠቅ ብሎ ይነሳል፣ ለረጅም ጊዜ ይሠራል፣ ጠቅ ብሎ ያርፋል። በየሰከንዱ አይነሳም፣ አይጠፋም። ምክንያቱም ሁለት ቁጥር ነው ያለው። የሚነሳበት አንድ፣ የሚያርፍበት ሌላ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሂስተሪሲስ ይባላል። ቃሉ ከባድ ነው፤ ነገሩ ግን ፍሪጅ ነው። 65 ላይ ይነሳ፣ እስከ 55 እስኪያወርድ ይሥራ፣ ከዚያ ይረፍ። መሐል ላይ ሲሆን የነበረበትን ይቀጥል። እየዞረ ከነበረ ይዙር፣ ቆሞ ከነበረ ይቁም።

አሁን የዛሬው ዋና ጉዳዬ ጋ ደረስኩ። እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ?

ብዙዎቻችን የሌላ ሰው ቁጥር ነው የምንገለብጠው። እኔም ገልብጫለሁ። በ45 ይነሳ፣ በ40 ይረፍ የሚል ፕሮግራም አግኝቼ እንዳለ ጫንኩት። ፋኑ ጭራሽ አላርፍ አለ። ቺፑ ምንም ሳይሠራ፣ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ እየዞረ፣ ሙቀቱ 43 ላይ ቆሟል። ክፍሉ 36 ነበር። አስታወሳችሁ? ፋን ከክፍሉ በታች አያወርድም አልኩ። ወደ ክፍሉ ሙቀት መጠጋት እንኳ ይከብደዋል። ያን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ክፍሉ 20 ዲግሪ ይሆናል። ለእሱ 40 በቀላሉ የሚደረስበት ቁጥር ነው። ለእኛ ከሰዓት በኋላ የማይደረስበት ነው። ስሙ አውቶማቲክ ነው፤ ሥራው ግን 5 ቮልት ላይ ቀጥታ ከመሰካት ምንም አይለይም።

ሊኑክሱ ራሱ ይዞ የሚመጣውን ቁጥር እንይ። የራዝቤሪ ፓይ ሲስተም ጂፒአይኦ ፋን የሚባል ዝግጁ መቆጣጠሪያ አለው። ምንም ፕሮግራም መጻፍ ሳያስፈልግ ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ራሱ ፋኑን ያበራል፣ ያጠፋል። ቁጥር ሳትሰጡት በኮንፊግ ፋይል (የቦርዷ ማስተካከያ ፋይል) ብቻ ከከፈታችሁት በ55 ያነሳዋል፣ ክፍተቱ 10 ስለሆነ በ45 ያሳርፈዋል። በራዝፒ ኮንፊግ ሜኑ በኩል ከገባችሁ ደግሞ የሚያቀርብላችሁ ቁጥር 80 ነው። አንዱ ድሬ ላይ ለማረፍ ይቸገራል። ሌላው ቺፑ መዘግየት በሚጀምርበት ቅጽበት ነው የሚነቃው። ሁለቱንም የጻፏቸው ጎበዝ ሰዎች ናቸው፤ ቁጥሮቹም ስህተት አይደሉም። ግን ራዝቤሪ ፓይ የተወለደችው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ነው። ድሬ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይደለም።

የራሳችሁን ቁጥር የምታገኙት እንዲህ ነው። በሞቃቱ ወር፣ በሞቃቱ ሰዓት፣ ቦርዷ በምትቀመጥበት ቦታ ላይ ሆናችሁ ለኩ። መጀመሪያ ፋኑ እየዞረ፣ ቦርዷ ግን ሥራ ሳትሠራ። ሙቀቱ መውረዱን ትቶ ሲቆም ጻፉት። ይህ ወለላችሁ ነው፤ ከዚህ በታች መውረድ አትችሉም። የማረፊያው ቁጥር ከዚህ ከፍ ማለት አለበት፤ እኔ ቢያንስ 7 ወይም 8 ዲግሪ እጨምራለሁ። ከዚያ የመነሻው ቁጥር ከ80 በደንብ ዝቅ ማለት አለበት፤ 65 ወይም 70 ይበቃል። ቤተመጻሕፍቱ ላይ ወለሉ 44 ገደማ ሆኖ አገኘሁት። 55 እና 65 አደረግኩት። እስከ ዛሬ አልነካሁትም። ቀትር ላይ ልጆች ሲበዙ ይነሳል። ማታ ሲዘጋ ያርፋል። በታኅሣሥ ብዙ ቀን ጭራሽ አይነሳም።

ይህንኑ ቁጥር ይዘን አንዲት ቦርድ ሐረር ላይ ተከልን። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትገቡ ወደ 1,900 ሜትር ደርሳችኋል። ጃኬት የሚያስፈልግበት ማታ አለ። ከሳምንት በኋላ «ፋኑ አይሠራም፣ ተበላሽቷል» ብለው ደወሉልኝ። ሙቀቱን አንብቡልኝ ስላቸው 52 ነው አሉ። ፋኑ ደህና ነበር። የሚያስነሳው ነገር አላገኘም፤ በቃ። እዚያ ያለችው ቦርድ ያለ ፋንም፣ በሂትሲንክ ብቻ መኖር ትችላለች።

ወደ ሽቦው ልግባ፤ እዚህ ላይ ሰው ቦርድ ያቃጥላል። የጂፒአይኦ ፒን፣ ማለትም ቦርዷ ትእዛዝ የምታወጣበት እግር፣ ፋን ማንቀሳቀስ አይችልም። ቮልቴጁ 3.3 ነው። ከአንድ ፒን በደህና የሚወሰደው ከረንት ቢበዛ 16 ሚሊአምፒር ነው። ፋኑ ደግሞ ከ100 እስከ 200 ሚሊአምፒር ይፈልጋል። ቀጥታ ከሰካችሁት ፒኑን፣ አንዳንዴም ቺፑን ታጣላችሁ። ስለዚህ መሐል ላይ ትራንዚስተር ይገባል። ፒኑ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ትራንዚስተሩ እንደ በር ከፍቶ የ5 ቮልቱን ከረንት ያሳልፋል።

ኤስ 8050 ወይም 2222 ትራንዚስተር ይበቃል፤ የድሮ ራዲዮና ቻርጀር ቦርድ ላይ ሞልቷል። ሦስት እግር አለው፤ ኮሌክተር፣ ኤሚተርና ቤዝ። የፋኑ ቀይ ወደ 5 ቮልት። የፋኑ ጥቁር ወደ ኮሌክተር። ኤሚተሩ ወደ ግራውንድ። ከጂፒአይኦው በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ቤዝ። ከዚያ አንድ ዳዮድ በፋኑ ሁለት ሽቦዎች መካከል፣ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ቀዩ። ሞተር ሲጠፋ መልሶ የሚወረውረው ቮልቴጅ አለ፤ ዳዮዱ እሱን ይቀበልለታል። የትራንዚስተሩ እግሮች አሰላለፍ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከመበየዳችሁ በፊት በቴስተር አረጋግጡ። ስለ ፒን ቁጥርም አንድ ነገር። ሜኑው የሚያቀርበው ጂፒአይኦ 14 ሲሪያል (ከሌላ መሣሪያ ጋር መረጃ መለዋወጫ) መስመርም ነው። ሲሪያል የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ምረጡ።

ፓይተን ወይስ ከርነሉ? እኔ አሁን ለከርነሉ ነው የማደላው። ፕሮግራማችሁ በሆነ ምክንያት ቢሞት ፒኑ በነበረበት ሊቀር ይችላል። ፋኑ ጠፍቶ እያለ ከሞተ፣ ማንም ሳያውቅ ጠፍቶ ይቀራል። ከርነሉ ግን ቦርዷ እስካለች ድረስ አለ። ለመማር ፓይተን ጻፉ፤ በጣም ያስተምራል። ሰው ለሚጠቀምበት ነገር ግን ኮንፊግ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣችው ፓይ 5 ይህን ጣጣ ቀንሳዋለች። ለፋን ብቻ የተሠራ ባለ አራት ሽቦ ሶኬት አላት፤ ትራንዚስተር አትፈልግም። ፋኑን የምታስነሳው በደረጃ ነው። ከ50 በታች ዝም ይላል። 50 ላይ በ30 በመቶ ይጀምራል፣ 60 ላይ 50 በመቶ፣ 67.5 ላይ 70 በመቶ፣ 75 ላይ ሙሉ። ሲወርድም የ5 ዲግሪ ክፍተት ይጠብቃል። ይህን ፍጥነት የሚያስተካክለው ፒደብልዩኤም የሚባለው ነው፤ ሞተሩን በጣም በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ኃይሉን ይመጥነዋል። ከአራቱ ሽቦዎች አንዱ ደግሞ ፋኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ መልሶ ይነግራታል። እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። የቤተመጻሕፍቱ ፋን ያን ጊዜ ሲቆም ይህ ሽቦ ቢኖር ኖሮ ልጆቹ ሳይጎዱ እናውቅ ነበር። እነዚህንም ደረጃዎች ግን በኮንፊግ ፋይሉ መቀየር ይቻላል። 50 ዲግሪ ድሬ ላይ ዝቅ ያለ ነው፤ እኔ ከፍ አደርገዋለሁ።

ስለ ቦታ ሁለት ቃል። ሳጥኑን ከጣሪያ ሥር አትስቀሉት፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከወለልም ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ አሸዋው እዚያ ነው። ሳጥኑ አየር መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ይኑረው። በወር አንዴ በቀለም ብሩሽ ጥረጉት።

በቂ አወራሁ። አሁን ቦርዷን እንጠይቃት። ፋኑን ነቅየዋለሁ፣ አራቱንም ኮር የሚያሠራ ፕሮግራም አስነስቻለሁ። የግድግዳው ቴርሞሜትር 36 ይላል። እናንተ ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ፣ ስክሪኑ ትንሽ ነው። ብዕር ያለው ሰው በየግማሽ ደቂቃው ቁጥሩን ይጻፍልኝ። 58... 61...